ከዑር እስከ የሐ፦ የጥንት ሕዝቦች ፀሐይንና ጨረቃን ያከበሩባቸው ስፍራዎች

ዘፍጥረት 1፥14-18ን ቀስ ብላችሁ አንብባችሁት ከሆነ አንድ ያልተለመደ ነገር ሳታስተውሉ አትቀሩም። እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን የሠራቸው ሁለቱ ብርሃናት በስማቸው አልተጠሩም። አንዱ ቀንን የሚገዛ ትልቅ ብርሃን፣ ሌላው ሌሊትን የሚገዛ ትንሽ ብርሃን ተባሉ እንጂ «ፀሐይ» ወይም «ጨረቃ» የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ቃል ጠፍቶበት አይደለም። በዕብራይስጥ ፀሐይ «ሼሜሽ»፣ ጨረቃ ደግሞ «ያሬአሕ» ይባላሉ። ነገር ግን እነዚህ ቃላት በጎረቤት ሕዝቦች ዘንድ የአማልክት ስሞችም ነበሩ። በባቢሎን የፀሐይ አምላክ ሻማሽ ይባል ነበር፤ በዛሬዋ ሶርያ ጠረፍ በነበረችው በኡጋሪት ደግሞ ያሪኽ የሚባል የጨረቃ አምላክ ይመለክ ነበር። ብዙ የብሉይ ኪዳን ምሁራን ስሞቹ ሆን ተብለው እንደ ተተዉ ያምናሉ።

«ያሬአሕ» የሚለው ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም። በግእዝ ጨረቃም ወርም «ወርኅ» ይባላሉ፤ የአማርኛው «ወር» የመጣው ከዚያው ነው። የቤት ኪራይ በወር በወር ስንከፍል ሳናውቀው የጨረቃን የጥንት ስም እየጠራን ነው ማለት ነው። ከኢየሱስ ጋር ዘኬዎስ የተገናኘባት የኢያሪኮ ከተማ ስምም፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ከዚሁ ቃል የወጣ ነው።

እንግዲህ ያ አጭር ክፍል ምን ያህል ደፋር ንግግር እንደ ነበረ የሚገባን፣ በዙሪያው የነበሩትን የፀሐይና የጨረቃ ስፍራዎች ስናይ ነው። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ እነዚያን ስፍራዎች በአጭሩ ማስጎብኘት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሰዎች ሞኞች ስለ ነበሩ ወደ ሰማይ አላንጋጠጡም። እኛ ሰዓቱንም ቀኑንም ከስልካችን እናነባለን፤ የእነርሱ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ ግን ሰማይ ላይ ነበር። መቼ እንደሚዘራ፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ በዓል መቼ እንደሚውል፣ ሌሊት መንገድ መቼ እንደሚቀና የሚነግሯቸው ሁለቱ ብርሃናት ነበሩ። ስለዚህ ለእነርሱ የተሠሩት ስፍራዎች አንድም የአምልኮ ቦታ አንድም የጊዜ መለኪያ ነበሩ። በአየርላንድ ኒውግሬንጅ የሚባለው ከ5000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የመቃብር ጉብታ፣ የዓመቱ አጭር ቀን በሚውልበት ሰሞን ጠዋት የፀሐይ ጨረር ከበሩ በላይ ባለው ቀዳዳ ገብቶ እስከ ውስጠኛው ክፍል እንዲደርስ ሆኖ ተሠርቷል። በእንግሊዝ የስቶንሄንጅ ድንጋዮችም በዓመቱ ረጅም ቀን ፀሐይ ከምትወጣበት፣ በአጭሩ ቀን ደግሞ ከምትጠልቅበት አቅጣጫ ጋር ተስተካክለው ቆመዋል። እነዚያን የሠሩ ሰዎች ግን ጽሑፍ አልተዉልንም። የመጽሐፍ ቅዱስ አባቶች የኖሩባቸው አገሮች ግን ብዙ ጽፈዋል፤ ስለዚህ ወደዚያ እንሂድ።

የጨረቃ ከተሞች፦ ዑርና ካራን

በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ ከናሲሪያ ከተማ አጠገብ፣ ከጠፍጣፋው ምድረ በዳ መካከል እንደ ኮረብታ የሚታይ የጡብ ሕንፃ አለ። ዚጉራት ይባላል። ኡር-ናሙ የተባለው ንጉሥ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አስጀምሮት ልጁ ሹልጊ ፈጸመው። የመሠረቱ ርዝመት 64፣ ስፋቱ 45 ሜትር ያህል ነው። በደረጃ የሚወጣበት ሲሆን ከላይ የናና ቤተ መቅደስ ነበረበት። ናና ሱመራውያን ለጨረቃ አምላክ ያወጡለት ስም ነው፤ ኋላ አካዳውያን ሲን ብለው ጠሩት። ብዙዎቹ ምሁራን መጽሐፍ ቅዱስ የከለዳውያን ዑር የሚላት ከተማ ይህች ናት ይላሉ።

በዑር ጨረቃ ከፀሐይ ትበልጥ ነበር። ለእኛ ይህ ግራ ያጋባል፤ በእነርሱ አስተሳሰብ ግን ፀሐይ የጨረቃ ልጅ ነው። ምክንያቱ ብዙም አይርቅም። ወር የሚጀምረው ማጭድ የመሰለችው አዲስ ጨረቃ በምዕራብ ስትታይ ነበር፤ ግብርና ዕዳ፣ መሥዋዕትና በዓል ሁሉ በእርሷ ይቈጠሩ ነበር። የጨረቃው አምላክ ምልክት ቁጥር 30 የሆነውም በወሩ ቀናት ምክንያት ነው። የመቅደሱ ሊቀ ካህናት ሴት ስትሆን ብዙ ጊዜ የንጉሥ ልጅ ትሆን ነበር። ከእነርሱ መካከል የታላቁ ሳርጎን ልጅ ኤንኼዱአና፣ በ23ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የነበረች፣ በስማቸው ከሚታወቁ የዓለም ደራስያን የመጀመሪያዋ ተብላ ትጠቀሳለች።

ዘፍጥረት 11፥31 ታራ ልጁን አብራምን ይዞ ከዑር ወጥቶ ወደ ከነዓን ሲጓዝ በካራን እንደ ተቀመጠ ይነግረናል። ካራን በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ናት፤ ከዑር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች። ሆኖም የሁለቱ ከተሞች አምላክ አንድ ነበር። በካራን የሲን ቤተ መቅደስ «የደስታ ቤት» የሚል ትርጉም ባለው ስም ኤሁልሁል ይባል ነበር። ኢያሱ 24፥2 ታራ ሌሎች አማልክትን ያመልክ እንደ ነበር ሲናገር የትኞቹን እንደሆነ አይገልጽም። ይሁን እንጂ ከአንዱ የጨረቃ ከተማ ወጥቶ በሌላው የጨረቃ ከተማ የተቀመጠ ቤተሰብ ምን ሲያይ እንደሚያድግ መገመት አያስቸግርም። አብርሃም የተጠራው ከባዶ ሜዳ ሳይሆን፣ በዘመኑ እጅግ ከተከበሩትና ከተደራጁት መቅደሶች ጥላ ሥር ነው።

የጨረቃ አምልኮ ዝማሬና ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ብርቱ ፍርሃትም ነበረበት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሦር ንጉሥ በአስራዶን ዘመን የጨረቃ ግርዶሽ የንጉሡን ሞት ያመለክታል ተብሎ ከታመነ፣ ሌላ ሰው የንጉሥ ልብስ ለብሶ በዙፋኑ ላይ ይቀመጥ ነበር። እውነተኛው ንጉሥ በዚያ ጊዜ በሚጻፉለት ደብዳቤዎች «ገበሬው» ተብሎ ይጠራል። ምትኩ ንጉሥ እስከ 100 ቀን ድረስ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ ክፉው ዕጣ በእርሱ ላይ እንዲፈጸም ይገደላል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 10፥2 የእግዚአብሔር ሕዝብ እንደ አሕዛብ የሰማይን ምልክቶች እንዳይፈራ ሲያስጠነቅቅ፣ ይናገር የነበረው የሰው ሕይወት እስከ ማስከፈል ስለሚደርስ ፍርሃት ነበር።

ዑርንና ካራንን እንደ ገና አንድ ላይ ያነሣ ሌላ ሰው የባቢሎን የመጨረሻው ንጉሥ ናቦኒደስ ነው። እናቱ የካራኑ ሲን ታማኝ አምላኪ ነበረች። እርሱም የካራንን ቤተ መቅደስ አሠርቶ፣ የዑርን ዚጉራት አሳድሶ፣ ልጁን በዑር የጨረቃ ካህን አድርጎ ሾማት። ባቢሎንን ለልጁ ትቶ ለአሥር ዓመት ያህል በዐረብ ምድር በቴማ ተቀመጠ። በ1854 ዓ.ም. ጆን ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ በዑር ዚጉራት ማዕዘናት ውስጥ የተቀበሩ የሸክላ ጽሑፎችን አወጣ። በእነርሱ ላይ ናቦኒደስ ለራሱና ለበኩር ልጁ ለብልጣሶር ወደ ሲን ያቀረበው ጸሎት ተጽፏል። ከዚያ በፊት ብልጣሶር ከዳንኤል መጽሐፍ ውጪ በሌላ የጥንት ሰነድ አይታወቅም እየተባለ በመጽሐፉ ላይ ጥያቄ ይነሣ ነበር። ስሙ የተገኘው በጨረቃ ቤት ግድግዳ ውስጥ መሆኑ ያስገርማል። ጸሎቱ ግን አልረዳም፤ ባቢሎን በ539 ከክርስቶስ ልደት በፊት በቂሮስ እጅ ወደቀች።

ካራን እንኳ ቶሎ አልተለወጠችም። የሮም ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በ217 ዓ.ም. የተገደለው በአካባቢዋ ወደሚገኘው የጨረቃ መቅደስ ሲሄድ በመንገድ ላይ ነው። የሰማይ አካላትን የሚያከብሩ የካራን ሰዎች እስልምና ከገባም በኋላ እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ቆይተዋል።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር እንጨምር። ሻማሽ በሲፓርና በላርሳ ትልልቅ መቅደሶች ነበሩት፤ ሁለቱም «የሚያበራ ቤት» የሚል ስም ነበራቸው። ፀሐይ ከላይ ሆኖ ሁሉን ስለሚያይ የፍርድ አምላክ ተደረገ። በ1901 ዓ.ም. በሱሳ በተገኘውና ዛሬ በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም በሚገኘው የሐሙራቢ ሕግ ድንጋይ አናት ላይ ንጉሡ በሻማሽ ፊት ቆሞ ይታያል። መዝሙር 19ን በዚህ ዐይን አንብቡት። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ፀሐይ፣ ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው፤ አንዳንዶች ሁለት መዝሙር ተቀላቅሎ ነው ይላሉ። በዚያ ዘመን ግን ፀሐይና ሕግ አብረው የሚነሡ ነገሮች ነበሩ። ልዩነቱ በመዝሙሩ ውስጥ ፀሐይ ሕግ አይሰጥም፤ ራሱ ድንኳን የተተከለለትና መንገድ የተወሰነለት ነው።

የግብፅ ፀሐይ

ግብፅ ላይ ብዙ መቆየት ይቻል ነበር፤ ለእኛ ግን የኦን ከተማ ትበቃናለች። ግሪኮች ሄሊዮፖሊስ፣ ማለትም የፀሐይ ከተማ፣ ያሏት ይህች ናት። ዮሴፍ ያገባት አስናት የዚህች ከተማ ካህን የጶጥፌራ ልጅ ነበረች (ዘፍጥረት 41፥45)። ጶጥፌራ ማለት ራ የሰጠው ማለት ሲሆን ራ የፀሐይ አምላክ ነው። ስለዚህ ኤፍሬምና ምናሴ በእናታቸው በኩል የፀሐይ ካህን የልጅ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ስፍራው በካይሮ ውስጥ ማታሪያ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ሰፈርም እስከ ዛሬ ዓይን ሻምስ ይባላል። ንጉሥ ሴኑስረት ቀዳማዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ያቆመው ከ20 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የቀይ ድንጋይ ሐውልት አሁንም እዚያው ቆሟል። እንዲህ ያሉ ሐውልቶች ጫፋቸው በወርቅ ወይም በሚያብረቀርቅ ብረት ይለበጥ ነበር፤ የጠዋት ብርሃን መጀመሪያ የሚነካው እርሱን ነው። ኤርምያስ 43፥13 እንደሚሰበሩ የተናገረው ስለ እነዚህ ዐምዶች ነው።

ከኦን ወደ ደቡብ ርቆ፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ዳግማዊ ራምሴስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከተራራ ያስፈለፈለው የአቡ ሲምበል መቅደስ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በጥቅምት ወር፣ የማለዳ ጨረር 60 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ዘልቆ በመጨረሻው ክፍል የተቀመጡትን ምስሎች ያበራል። ከአራቱ ምስሎች አንዱ ራምሴስ ራሱ ነው። ንጉሡ ራሱን ከአማልክት ተራ አስቀምጦ ፀሐይ እንድትመሰክርለት አደረገ ማለት ነው። የአስዋን ግድብ በተሠራ ጊዜ መቅደሱ በውኃ እንዳይዋጥ ከ1964 እስከ 1968 ዓ.ም. ተቆራርጦ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል፤ ጨረሩ ግን አሁንም ይገባል።

በይሁዳ ምን ሆነ?

ከወጣቶቻችን፣ በተለይም በውጭ አገር ካደጉት፣ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት አንድ ነገር ያያሉ፤ ከዚያ «ፓስተር፣ የእስራኤል እምነት ከፀሐይ አምልኮ የተቀዳ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ይላሉ። ጥያቄውን አልጠላውም። መልሱን ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ራሱ መጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ምንም አልደበቀም።

የከነዓን ምድር በፀሐይና በጨረቃ ስፍራዎች የተሞላች ነበረች። የጌታ ታቦት ከፍልስጥኤም ሲመለስ የደረሰባት ቤትሳሚስ የፀሐይ ቤት ማለት ናት። በሐጾር በተቆፈረ አንድ የከነዓናውያን መቅደስ ውስጥ ወደ ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆችና ከበላያቸው ማጭድ ጨረቃና ክብ የተቀረጹበት የድንጋይ ዐምድ ተገኝቷል። ጌዴዎን ከምድያማውያን ነገሥታት ግመሎች አንገት የወሰደው ጌጥ የጨረቃ ቅርጽ ነበረው (መሳፍንት 8፥21)። ዘዳግም 4፥19 ሕዝቡ ዐይኑን አንሥቶ ፀሐይንና ጨረቃን ሲያይ እንዳይሳብ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ኢዮብም በምዕራፍ 31፥26-28 ራሱን ሲከላከል፣ ብርሃናቱን አይቶ በስውር ልቡ እንዳልሳተና እጁን ወደ አፉ አድርጎ እንዳልሳመ ይናገራል። ያ መሳም በዘመኑ የታወቀ የአምልኮ ምልክት ነበር። ኢዮብ ይህን ከኃጢአት ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ፣ ፈተናው እውነተኛ እንደ ነበረ ያሳያል።

ከዚያም የባሰው መጣ። ኢዮስያስ በ622 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ መቅደሱን ሲያነጻ፣ የይሁዳ ነገሥታት ለፀሐይ የሰጧቸውን ፈረሶች ከእግዚአብሔር ቤት መግቢያ አስወገደ፤ ሰረገሎቹንም አቃጠለ (2ኛ ነገሥት 23፥11)። ማን ለፀሐይ ፈረስ ሰጠ? ጠላት አይደለም፤ የዳዊት ልጆች ናቸው። በዚያው ክፍለ ዘመን የአሦር ኃይል በአካባቢው ሁሉ ነግሦ ነበር፤ ከዚያው ዘመን የሆኑና የጨረቃ ማጭድ በዘንግ ላይ የተቀረጸባቸው ማኅተሞችም በይሁዳና በአካባቢዋ ተገኝተዋል። የካራን አምላክ፣ አብርሃም ትቶት የወጣው፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የልጆቹን ደጅ አንኳኳ ማለት ነው።

ሕዝቅኤል በምዕራፍ 8፥16 ያየው ግን ከሁሉ ይከብዳል። የሰሎሞን ቤተ መቅደስ መግቢያው በምሥራቅ ነበር። ስለዚህ በመሠዊያውና በበረንዳው መካከል የቆመ ሰው ወደ ቤቱ ከዞረ ጀርባውን ለምትወጣው ፀሐይ ይሰጣል፤ ወደ ፀሐይ ከዞረ ደግሞ ጀርባውን ለእግዚአብሔር ቤት። ነቢዩ 25 ያህል ሰዎች በዚያው ቦታ ቆመው፣ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ለፀሐይ ሲሰግዱ አየ። ሕንፃው አልተለወጠም። መሥዋዕቱም የቀረ አይመስልም። የተለወጠው ፊታቸው የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ለወጣቶቹ ጥያቄ እንግዲህ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። እስራኤላውያን የፀሐይን አምልኮ አያውቁትም ነበር ብንል ውሸት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ወድቀውበታል። ነቢያቱ ግን ሲቃወሙት፣ ዘፍጥረት አንድም ሲፋቀው እናያለን። የዐዋጁን አሠራር ተመልከቱ፦ ሁለቱን ብርሃናት አይሰድባቸውም፣ አጋንንትም አይላቸውም። ለምልክት፣ ለዘመናት፣ ለዕለታትና ለዓመታት የተሰጡ መሆናቸውን ይናገራል። ይህ ዑርና ኦን በደንብ ያውቁት የነበረው ነገር ነው። የጊዜ መለኪያነታቸውን ጠብቆ ጌትነታቸውን ብቻ ወሰደባቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠራም።

የሐና አክሱም

ይህ ታሪክ ወደ እኛም አገር ይደርሳል። በትግራይ ከአድዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በየሐ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ተገጣጥመው የተደረደሩት ለስላሳ የተጠረቡ ድንጋዮች እስከ 14 ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ቆመዋል። መቅደሱ የአልመቃህ ነበር። አልመቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን የነበረው የሳባ መንግሥት ዋና አምላክ ነው። በዋና ከተማዋ በማሪብ የነበረውን ትልቁን የአልመቃህ መቅደስ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ማህረም ቢልቂስ» ብሎ በሳባ ንግሥት ስም ይጠራዋል፤ በ2023 ዓ.ም. ከሌሎች የማሪብ ቅርሶች ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በውቅሮ አቅራቢያ መቃብር ጋእዋ በሚባል ቦታ ሌላ የአልመቃህ መቅደስ ከነመሠዊያውና ከነጽሑፉ ተገኘ።

አልመቃህ ለረጅም ጊዜ «የጨረቃ አምላክ» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል፤ በብዙ የጉብኝት መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። ኋላ ላይ ግን ከበሬና ከወይን ሐረግ ምልክቶቹ ተነሥተው ከፀሐይ ጋር የሚያያይዙት ምሁራን መጥተዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ስለዚህ ከመድረክ ላይ «የሐ የጨረቃ ቤት ነበር» ብለን በእርግጠኝነት ባንናገር መልካም ነው። በመሠዊያዎቹ ላይ ማጭድና ክብ መቀረጻቸው ግን የሚታይ ነው። ያው ምልክት በኤርትራ በሰንዓፈ አጠገብ ባለው በመጠራ ሐውልት ጫፍ ላይም አለ።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች እንዲህ ያለውን ፍርስራሽ ማየት ራሱ የሚያረክስ ይመስላቸዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና የአምልኮ ስፍራዎቹን እየተዘዋወረ በጥንቃቄ ተመልክቷል፤ ንግግሩንም የጀመረው ካየው መሠዊያ ነው (ሐዋርያት ሥራ 17፥23)። የየሐ መቅደስም ይህን ያህል ዘመን ከቆመበት ምክንያት አንዱ የጥንት ክርስቲያኖች ከማፍረስ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን አድርገው ስለ ተጠቀሙበት ነው።

ለውጡ በግልጽ የሚታየው ግን በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ ሳንቲም ያሠሩ ነበር። ሳንቲሞቹ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም፤ በንጉሡ ምስል አናት ላይ ክብና ማጭድ ጨረቃ ይታያሉ። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን በፍሬምናጦስ አገልግሎት ክርስትናን ተቀበለ። የእርሱ ሳንቲሞች ሁለት ዓይነት ናቸው። በቀደሙት ላይ ክቡና ማጭዱ አሉ። በኋለኞቹ ላይ በዚያው ቦታ፣ ከንጉሡ ራስ በላይ፣ መስቀል ተቀርጿል፤ መስቀል ከታተመባቸው የዓለም የመጀመሪያ ሳንቲሞች መካከልም ይቈጠራሉ። የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በብዛት ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ፣ አልመቃህ ባሕሩን ተሻግሮ የመጣባት የመን ናት።